ቅዱስ ፖሊካርፐስ ለምን ከከተማ ወጣ?

ጥያቄ፦ «የሰምርኔሱን የቅዱስ ፖሊካርፐስን የሰማዕትነት ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አስቸገረኝ። ሕዝቡ ‹ፖሊካርፐስ ይፈለግ› ብሎ ሲጮህ እርሱ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ገባ፤ ሊደርሱበት ሲሉም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኔ ሰማዕት ሲባል የማውቀው በመኳንንት ፊት ቀርቦ ሳይጠይቁት ‹ክርስቲያን ነኝ› የሚለውን ነው። ታዲያ ይህ ሽሽት ከእምነቱና ከድፍረቱ ጋር እንዴት ይስማማል? መጀመሪያ ላይ ፈርቶ ነበር ማለት ነው?»

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አልፈራም። ይህን የምለው ቅዱሱን ከነቀፋ ለመከላከል ብዬ አይደለም። ታሪኩን የጻፉልን ምእመናን ራሳቸው ሽሽቱን አልደበቁትም። የሚያሳፍር ነገር መስሎ ቢታያቸው ኖሮ በቀላሉ ይዘሉት ነበር። እነርሱ ግን የት እንደ ሄደ፣ ማን እንዳግባባው፣ እዚያ ሆኖ ምን ያደርግ እንደ ነበር፣ ምን ራእይ እንዳየ ዘርዝረው ጻፉ። ከዚያም በፊት ማንም ሳይፈልገው ራሱን አሳልፎ የሰጠ የአንድ ሰው ታሪክ አስቀደሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖሩት አስበውበት ነው።

ስለ ምንጩ ጥቂት ልበል። የፖሊካርፐስ ሰማዕትነት የደረሰን በደብዳቤ መልክ ነው። የላከችው የሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሰምርኔስ ዛሬ በቱርክ ኢዝሚር የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ነች። የተላከው በፍርግያ አገር በፊሎሜልዮም ለነበሩ ክርስቲያኖችና በየስፍራው ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ነው። ጸሐፊው ኤዋሬስጦስ ይባላል፤ የሚናገረውም ነገሩን በዓይናቸው ባዩት ሰዎች አፍ ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ሰማዕትነቱ የተፈጸመው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ155 ወይም በ156 ነው ይላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ግን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን ያወርደዋል። ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ውጭ፣ ስለ ሰማዕት ሞት ተለይተው ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ደብዳቤ እንደ ሆነ በሰፊው ይታመናል። ስለዚህ ጥንታውያን ክርስቲያኖች ሰማዕትነትን እንዴት ያዩት እንደ ነበር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

አሁን ራሱን አሳልፎ ወደ ሰጠው ሰው እንምጣ። ስሙ ኩዊንጦስ ነው፤ ከፍርግያ በቅርቡ የመጣ። ራሱን ለአሕዛብ ሹማምንት አሳልፎ የሰጠው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ያም አልበቃው ብሎ ሌሎችንም አብረውት እንዲቀርቡ ገፋፋ። አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ልቡ ከዳው። አገረ ገዥው ብዙ ካግባባው በኋላ በቄሣር ማለ፤ ለጣዖትም ሠዋ። ደብዳቤው ከዚህ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም፤ ወንጌል እንዲህ አያስተምርምና። ጸሐፊዎቹ የኩዊንጦስን መካድ ብቻ ነቅፈው ማለፍ ይችሉ ነበር። እነርሱ የነቀፉት መነሻውን ጭምር ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ክፍል ከፍርግያ የተነሣውን፣ አዲስ ትንቢት ተቀብለናል ይል የነበረውን የሞንታኖስን እንቅስቃሴ ለመቃወም በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል ብለው ጠርጥረዋል። ሆኖም አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታሪኩን ሲጽፍ የኩዊንጦስን ነገር ያውቀዋል፤ ሐሳቡም ከደብዳቤው የመጀመሪያ ምዕራፍ ጋር ፍጹም ይገጥማል።

ያ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው። ፖሊካርፐስ እንደ ጌታ ተላልፎ እስኪሰጥ ድረስ ጠበቀ ይላል፤ እኛም እርሱን እንድንመስል፣ የራሳችንን ብቻ ሳይሆን የባልንጀራችንንም ነገር እንድንመለከት። እውነተኛና ጽኑ ፍቅር ያለው ሰው ራሱ ብቻ እንዲድን አይፈልግም፤ ወንድሞች ሁሉ እንዲድኑ ይፈልጋል። ሽሽቱን የተረጎሙት በዚህ ዓይን ነው። ኩዊንጦስ ሌሎችን ይዞ ወደ ገደሉ ሄደ፤ ፖሊካርፐስ ሌሎቹን እያሰበ ዘገየ።

ይህ ነገር በጊዜው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለመረዳት የሮምን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በ112 ገደማ የቢታንያና የጳንጦስ ገዥ ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ንጉሠ ነገሥቱን ትራጃንን በደብዳቤ ጠይቆት ነበር። የተሰጠው መልስ በሌሎች ግዛቶችም አካሄዱን የሚያሳይ ሆኖ ቆይቷል፦ ተፈልገው አይታደኑ፤ ተከሰው ከቀረቡና ከተረጋገጠባቸው ግን ይቀጡ፤ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ለአማልክት የሠዋ ይለቀቅ። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሹሙ ክርስቲያኖችን እየዞረ የመፈለግ ግዴታ አልነበረበትም። ራሱን ይዞ የቀረበ ሰው ግን ገዥው እንዳያልፈው አድርጎ ያስገድደዋል፤ የሕዝቡንም ቁጣ ይቀሰቅሳል፤ ከኋላው ያሉ ደካሞችንም ለፈተና ያጋልጣል። አርዮስ አንጦኒኖስ የሚባል የእስያ (ሰምርኔስ ያለችበት የሮም ግዛት) አገረ ገዥ፣ ክርስቲያኖች በብዛት ወደ ችሎቱ በመጡበት ጊዜ ጥቂቶቹን ካስገደለ በኋላ የቀሩትን «እናንተ ምስኪኖች፣ መሞት ካማራችሁ ገደልም ገመድም አላችሁ» እንዳላቸው የካርቴጁ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ጽፏል።

በሰምርኔስም ፖሊካርፐስ የተፈለገው ሹሙ አስቀድሞ አስቦበት አልነበረም። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ተገድለው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ገርማኒቆስ ነው። አገረ ገዥው ለወጣትነቱ እንዲራራ ሲለምነው አውሬውን ወደ ራሱ ጎተተው። ሕዝቡ በዚህ ተደንቆ፣ ተቆጥቶም፣ «አምላክ የለሾቹን አስወግድ! ፖሊካርፐስ ይፈለግ!» ብሎ ጮኸ። ክርስቲያኖች ምስል ስለሌላቸውና ለከተማይቱ አማልክት ስለማይሠዉ «አምላክ የለሽ» ይባሉ ነበር። ገርማኒቆስ አውሬውን መጎተቱ እርስዎ ከሚያስቡት የሰማዕት መልክ ጋር ይቀራረባል። ልብ ይበሉ ግን፤ እርሱ ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ በሜዳው መካከል የቆመ ሰው ነው። ቀድሞ ወደ ሹሙ አልሮጠም።

ጩኸቱ ሲሰማ ፖሊካርፐስ ምን አደረገ? አልታወከም ይላል ደብዳቤው፤ እንዲያውም በከተማው መቆየት ፈልጎ ነበር። ብዙኃኑ ግን አግባቡትና ወጣ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አብዝቼ የምመለስበት ይህ ቦታ ነው። የእርሱ ፈቃድ መቆየት ነበር፤ የወጣው ለመንጋው ታዝዞ ነው። ለምን እንዲህ እንደ ለመኑት ለመረዳት ማንነቱን ማሰብ ይበቃል። በዕድሜ የገፋ ኤጲስ ቆጶስ ነው፤ ከሐዋርያት ዘመን ጋር የሚያገናኛቸው ሕያው ሰው ነው። በልጅነቱ ያየው፣ በኋላ የልዮን ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ሄሬኔዎስ፣ ፖሊካርፐስ ከዮሐንስና ጌታን ካዩት ከሌሎች ጋር ስለ ነበረው ንግግር ሲተርክ እንደ ሰማው መስክሯል። ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ወደ ሮም ሲወሰድ በሰምርኔስ አልፎ ነበር፤ በኋላም «እንደሚመታ መስፍ ጽና» ብሎ ለፖሊካርፐስ የጻፈለት ደብዳቤ ዛሬም አለ። በሸመገለ ጊዜም ወደ ሮም ተጉዞ ከሮም ኤጲስ ቆጶስ ከአኒቄጦስ ጋር ስለ ፋሲካ በዓል ተነጋግሯል፤ ባይስማሙም በሰላም ተለያዩ፤ አኒቄጦስም ቅዳሴውን እንዲቀድስ ቦታውን ለቀቀለት። እንዲህ ያለውን አባት በአንድ ቀን ጩኸት ማጣት ለሰምርኔስ ሰዎች ከባድ ነበር።

ከጥቂቶች ጋር ከከተማው ብዙም ወደማይርቅ የገጠር ቤት ሄደ። ሌሊትና ቀን ሥራው ጸሎት ብቻ ነበር፤ ስለ ሰው ሁሉና በዓለም ስላሉት አብያተ ክርስቲያናት፤ ልማዱም ይኸው ነበር። ከመያዙ ሦስት ቀን በፊት ሲጸልይ ትራሱ በእሳት ሲቃጠል በራእይ አየ። ወደ አብሮ አደሮቹ ዞሮ «በሕይወቴ ልቃጠል ይገባኛል» አላቸው። ከዚህ በኋላ፣ በደብዳቤው ቅደም ተከተል፣ ፈላጊዎቹ ሲበረቱ ወደ ሁለተኛው የገጠር ቤት ተዛወረ። አስተውለው ከሆነ ይህ ነገር የፍርሃትን ሐሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል። በእሳት እንደሚሞት ያወቀ ሰው ቦታ በመቀየር ከሞት አመልጣለሁ ብሎ አያስብም። ሰዓቱን የሚቆርጠው እርሱ አለመሆኑን ስላመነ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጌታም «በአንዲቱ ከተማም መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሏልና።

አንድ የማልዘለው ነገር ደግሞ አለ፤ እርስዎ ባይጠይቁትም ከጥያቄዎ ጋር የተያያዘ ነው። አሳዳጆቹ ፖሊካርፐስን በለቀቀው ቤት ሲያጡት ሁለት አገልጋይ ልጆችን ያዙ። አንደኛው ሲሠቃይ ያለበትን ተናገረ። ደብዳቤው ከገዛ ቤቱ ሰዎች አሳልፈው ሰጡት ይላል፤ አሳልፈው የሰጡትም የይሁዳን ቅጣት እንደሚቀበሉ ይናገራል። እኔ እዚህ ላይ ከጸሐፊዎቹ ጋር ቃል በቃል አልሄድም። ያ ልጅ ብር አልተቀበለም፤ ጌታውን ለመሸጥም አልሄደም። በሮም ሥርዓት ባሪያን እያሠቃዩ መመርመር የተለመደ ነበር፤ ሥጋው አልችል ብሎት ተናገረ። ታዲያ የአንዱ መሰወር ሌላውን ካስገረፈ ጥፋቱ በተሰወረው ላይ አይሆንምን? ይህን ጥያቄ በኋላ ዘመን ያነሣውና የመለሰው የእስክንድርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን፣ በ306 ገደማ ባወጣው ቀኖና፣ ስለ እነርሱ ሌሎች ቢያዙ እንኳ የሸሹት አይከሰሱ ይላል። ማስረጃ ያደረገውም የሐዋርያት ሥራን ነው፦ በኤፌሶን በጳውሎስ ምክንያት ጋይዮስና አርስጥሮኮስ ተነጠቁ፤ ጴጥሮስ ከወኅኒ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ተገደሉ። የቤተ ልሔም ሕፃናትንም ያነሣል፤ ሄሮድስ የፈለገው ሕፃን ወደ ግብፅ ሲሄድ እነርሱ ሞቱ። ደሙ የሚጠየቀው ከገዳዩ ነው።

ፈረሰኞቹ ያንን ልጅ ይዘው፣ ወንበዴ እንደሚይዝ ሰው ታጥቀው፣ ዓርብ ቀን በእራት ሰዓት ወጡ። ሲመሽ ደረሱ። ፖሊካርፐስ በአንድ ትንሽ ቤት ሰገነት ላይ ነበር። ከዚያም ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ይችል እንደ ነበር ደብዳቤው በግልጽ ይናገራል፤ አልፈለገም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አለ። ለምን አሁን? ጸሐፊው ከዚህ በላይ አያብራራም። እኔ ግን ልጁ ከወታደሮቹ ጋር መኖሩን ሳስብ፣ ሦስተኛ ሽሽት ሌላ ሰው ለማሠቃየት ሌላ ምክንያት ይሆን እንደ ነበር ይታየኛል። እስከዚያ ድረስ መራቅ ለወንድሞች ሲባል ነበር፤ አሁን መቆምም ለወንድሞች ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ድፍረቱ ለጠየቁኝ ጥያቄ ትልቁ ምስክር ነው። መምጣታቸውን ሲሰማ ወርዶ አነጋገራቸው። ዕድሜውንና እርጋታውን አይተው ተደነቁ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ለመያዝ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምን ነበር አሉ። እርሱም ወዲያው የሚበላና የሚጠጣ የፈለጉትን ያህል እንዲቀርብላቸው አዘዘ። ያለ ሁከት የሚጸልይበት አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሰጡት ለመናቸው። ፈቀዱለት። ቆሞ ጸለየ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት አልቻለም። በሕይወቱ ያገኛቸውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ የታወቀውንም ያልታወቀውንም፣ በዓለም ያለችውንም ቤተ ክርስቲያን አሰበ። ከሰሙት ወታደሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ሊይዙ በመምጣታቸው ተጸጸቱ። የድፍረት መለኪያ ጩኸትና ዛቻ ብቻ ከመሰለን ይህን እራት እናልፈዋለን። ለሚገድሉት ሰዎች ማዕድ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ፍርሃት በልቡ ቦታ ያጣ ሰው ነው።

በማግሥቱ በአህያ አስቀምጠው ወደ ከተማ ወሰዱት፤ ቀኑ ታላቅ ሰንበት ነበር። የጸጥታው ሹም ሄሮድስና አባቱ ኒቄጣስ በመንገድ ተቀብለው በሠረገላቸው አስቀመጡት። በለሰለሰ ቃል ጀመሩ፦ «‹ቄሣር ጌታ ነው› ብሎ ዕጣን አጥኖ መዳን ምን ክፋት አለው?» መጀመሪያ ዝም አላቸው። ሲነዘንዙት «የምትመክሩኝን አላደርግም» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ተቆጥተው እንዲወርድ ሲያዋክቡት ቅልጥሙ ተላጠ። እርሱ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ በፍጥነት ወደ ስታዲየሙ ሄደ።

ሲገባ ከሰማይ «ፖሊካርፐስ ሆይ፣ በርታ፣ ጎብዝ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከእኛ ወገን የነበሩት ሰሙት ይላሉ ጸሐፊዎቹ። አገረ ገዥው ለሽምግልናው እንዲያዝን፣ በቄሣር ዕድል እንዲምል፣ «አምላክ የለሾቹን አስወግድ» እንዲል ጠየቀው። ፖሊካርፐስ በፊቱ የተሰበሰበውን ሕዝብ በከባድ ፊት ተመለከተ፤ እጁን ወደ እነርሱ አነሣ፤ ወደ ሰማይ አየና ቃተተ፤ «አምላክ የለሾቹን አስወግድ» አለ። ቃሉን ተናገረው፤ ለማን እንደ ተናገረው ግን ሁሉም ገባው። አገረ ገዥው «ማል፤ እለቅሃለሁ፤ ክርስቶስን ስደብ» ሲለው የታወቀውን መልስ ሰጠ፦ «86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳች ክፉ አላደረገብኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» 86 ዓመቱ ሙሉ ዕድሜው ነው ወይስ ከተጠመቀ ጀምሮ የተቆጠረ የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ በሁለቱም መንገድ ሙሉ ሕይወት ነው።

ብዙ ጊዜ ይህን መልስ ጠቅሰን እናቆማለን። የሚቀጥለው ግን ለእኔ ከዚያ ይበልጣል። «ክርስቲያን ነኝ፤ የክርስትናን ትምህርት ማወቅ ከወደድህ አንድ ቀን ስጠኝና ስማ» አለው። ሊያስተምረው ፈለገ! አገረ ገዥው «ሕዝቡን አሳምን» ሲለው፣ «አንተን መልስ ልሰጥህ የሚገባ ሰው አድርጌ ቆጥሬሃለሁ፤ እግዚአብሔር ለሾማቸው አለቆችና ሥልጣናት፣ እኛን እስካልጎዳ ድረስ፣ የሚገባውን ክብር እንድንሰጥ ተምረናልና» ሲል መለሰ። ሊፈርድበት የተቀመጠውን ሹም አላዋረደውም። ሰማዕትነትን ሥልጣንን በመናቅ የሚለኩ ሰዎች ይህን ክፍል ቆም ብለው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አራዊት አሉኝ ሲለው «አምጣቸው» አለ። እሳት አለኝ ሲለው፣ ለአንድ ሰዓት ነድዶ የሚጠፋውን እሳት ታስፈራራኛለህ፤ ለኃጥአን የተጠበቀውን የሚመጣውን ፍርድ እሳት አታውቀውምና፤ ምን ትዘገያለህ፣ የወደድኸውን አምጣ አለ። ይህን ሲናገር ደስታና ጸጋ ፊቱን ሞልቶት ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሦስት ጊዜ «ፖሊካርፐስ ክርስቲያን መሆኑን አምኗል» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ለእርሱ ያወጣለትን ስም ይስሙ፦ «ይህ የእስያ አስተማሪ፣ የክርስቲያኖች አባት፣ አማልክቶቻችንን የሚያፈርስ!» አንበሳ እንዲለቀቅበት ከእስያ አለቆች አንዱን ፊልጶስን ጠየቁ፤ የአራዊቱ ትርኢት አብቅቷልና አይፈቀድልኝም አለ። ከዚያ እሳት ተባለ። ሕዝቡ ከየሱቁና ከየመታጠቢያ ቤቱ እንጨትና ጭራሮ ሰበሰበ።

ልብሱን አውልቆ መታጠቂያውን ፈታ፤ ጫማውንም ሊያወልቅ ሞከረ። ይህን ራሱ አድርጎት አያውቅም ነበር፤ ምእመናን ሁልጊዜ ሰውነቱን ለመንካት ይሽቀዳደሙ ነበርና። በሚስማር ሊቸነክሩት ሲሉ «እንዲሁ ተዉኝ፤ እሳቱን እንድታገሥ ኃይል የሰጠኝ ያለ እናንተ ሚስማር ሳልንቀሳቀስ እንድቆም ይሰጠኛል» አላቸው። አልቸነከሩትም፤ እጁን ወደ ኋላ ብቻ አሰሩት። አሁንም አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ከቤት ወደ ቤት ሸሸ የተባለው ሰው እሳቱ ፊት ማሰሪያ የማያስፈልገው ሆነ። ጸሎቱም ምስጋና ነበር፦ በሰማዕታት ቍጥር፣ በክርስቶስ ጽዋ ክፍል እንዳገኝ ለዚህ ቀንና ሰዓት ስላበቃኸኝ እባርክሃለሁ። «ለዚህ ቀንና ሰዓት ስላበቃኸኝ» ነው ያለው፤ ሰዓቱን የመረጠለት ሌላ መሆኑን ያወቀ ሰው ቃል ነው። «አሜን» ሲል እሳቱ ተለኮሰ። ነበልባሉ ነፋስ እንደ ሞላው የመርከብ ሸራ ከበበው፤ ሥጋው ሲቃጠል ሳይሆን እንጀራ ሲጋገር፣ ወርቅና ብርም በምድጃ ሲነጥር ይመስል ነበር ይላሉ ያዩት፤ እንደ ዕጣን ያለ መዓዛም ሸተታቸው። እሳቱ እንዳልበላው ሲያዩ በጩቤ ወጉት።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን መንገድ ተከትለውታል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። ጠርጡልያኖስ ለሚስቱ በጻፈው ጽሑፍ ተይዞ ከመካድ ከከተማ ወደ ከተማ መሸሽ ይሻላል ብሎ ነበር፤ በኋላ ወደ ሞንታኖስ ወገን ሲያዘነብል ግን በስደት ጊዜ መሸሽን ጨርሶ የሚከለክል ጽሑፍ ጻፈ። የካርቴጁ ቅዱስ ቆጵርያኖስ በዳኬዎስ ስደት ጊዜ በ250 ተሰውሮ መንጋውን በደብዳቤ ሲመራ፣ ከሮም ካህናት ሳይቀር ነቀፋ መጣበት። በ257 ግን በአገረ ገዥው ፊት ቆሞ፣ ማንም ራሱን በፈቃዱ እንዲያቀርብ ሥርዓታችን ይከለክላል ሲል ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኡቲካ ወስደው ሊገድሉት መሆኑን ሲሰማ እንደ ገና ዘወር አለ፤ ኤጲስ ቆጶስ በገዛ መንጋው መካከል ሊመሰክር ይገባል ብሎ። ወደ ካርቴጅ ተመልሶ መስከረም 14 ቀን 258 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር አንገቱ ተቆረጠ፤ ለሰያፊው 25 ወርቅ እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። የፖሊካርፐስን እራት ያስታውሰኛል።

ለእኛ ቤት የቀረበው ደግሞ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው። በ356 ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ሲወርሩ ሕዝቡ ቀድሞ ካልወጣ አልወጣም አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ በረሓ መነኮሳት ሸሸ። ጠላቶቹ ፈሪ ሲሉት ስለ ሽሽቱ መልስ ጻፈ፦ ያዕቆብ ከዔሳው፣ ሙሴ ወደ ምድያም፣ ዳዊት ከሳኦል፣ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽተዋል፤ ጌታም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰድዷል። እኛ በጽጌ ወራት ያንን ስደት በማኅሌት የምናከብር ሰዎች ሽሽትን በራሱ እንደ እምነት ጉድለት ልናየው አይገባንም።

እርስዎ ያነሡት ሳይጠሩ የቀረቡት ሰማዕታት ጉዳይ ይቀራል። በስንክሳር ብዙ እንደዚያ ያሉ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ታከብራቸዋለች። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የጴጥሮስ ቀኖናም ወደ ተጋድሎው በራሳቸው የገቡትን ከኅብረት አይለይም፤ አካሄዳቸውን ግን ለሌላው ሥርዓት አያደርገውም። በ177 በልዮን የሆነው ነገር ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ወቲዮስ ኤጳጋቶስ የሚባል ወጣት ወንድሞቹ ያለ ፍትሕ ሲፈረድባቸው አይቶ ስለ እነርሱ ልከራከር ብሎ ተነሣ። ገዥው «አንተስ ክርስቲያን ነህን?» ሲለው «አዎን» አለ፤ ከእነርሱም ጋር ተቈጠረ። እርሱ ወደ ፊት የወጣው ስለ ሌሎች ሊናገር ነው፤ ኩዊንጦስ ግን ሌሎችን ይዞ ገባ። ፖሊካርፐስን ከወቲዮስ ጋር የሚያስተካክለው ይህ የሌላውን ነገር ማሰብ ነው፤ አንዱ ሲወጣ፣ ሌላው ሲሰወር።

በመጨረሻ ስለ ዕለቱ። ኒቄጣስ የተሰቀለውን ትተው ይህን ማምለክ እንዳይጀምሩ ብሎ ሥጋው ለክርስቲያኖች እንዳይሰጥ አገረ ገዥውን ለመነ። ሰምርኔሳውያኑ መልሳቸውን በደብዳቤው አኑረዋል፦ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅ ስለ ሆነ እናመልከዋለን፤ ሰማዕታትን ግን የጌታ ደቀ መዛሙርትና እርሱን የሚመስሉ ስለ ሆኑ እንወዳቸዋለን። ሥጋው ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን ከከበረ ድንጋይ ይልቅ የከበረ፣ ከወርቅም የተፈተነ ብለው ሰብስበው በሚገባው ስፍራ አኖሩት፤ የሰማዕትነቱን ልደት በየዓመቱ ለማክበርም ተነጋገሩ። የሰማዕትን በዓል በየዓመቱ ስለ ማክበር ካሉን ማስረጃዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ይህ ነው። ደብዳቤው ዕለቱን በሮማውያን አቆጣጠር ከመጋቢት መባቻቸው በፊት ሰባተኛ ቀን ይለዋል፤ በዩልዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23 መሆኑ ነው። በእኛ ወር ሲመለስ የካቲት 29 ይውላል፤ ስንክሳራችን ቅዱስ ፖሊካርፐስን የሚያስበውም በዚሁ ቀን ነው።